በአርባህ ቀን የተሰማው ቼሎ

ታዴ፣ የልጄ አባት፤

ጤናህን አልጠይቅህም፤ አንተ ካለህበት በሽታ አይደርስም ይላሉ። የእኔን ልንገርህ፣ ደህና ነኝ። ከተለየኸን ግማሽ ዓመት አለፈ። ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሬ ራሱ ይቆማል፤ አንተ ቼሎህን፣ ያን ሰው የሚያክል ባለ አራት ክር መሣሪያህን፣ ግድግዳ አስደግፈህ «ዘኔ፣ ይሄ እንጨት በስተርጅና ከበደኝ» እያልክ ትንፋሽህን የምትሰበስብበት ቦታ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ አንተ ያሰርክበት ላስቲክ ተበጥሶ ሌላ አስሬበታለሁ፣ እሱም የሚይዝ አይመስለኝም። ልጃችን ማርታ ሜክሲኮ አደባባይ ካለው ቢሮዋ በባቡር ትመላለሳለች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የድሮው ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ሕንፃ ቆሞ ምድር ቤቱ ጎማ መሸጫ ሆኗል። የምንተኛበት ክፍል የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ብዙ ሞከርኩ፤ አቃተኝ፣ ተውኩት። እኔም እንደ ድሮዬ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፌን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ገበያዬ ጥሩ ነው። ጧፍ የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ሳላነብ ለሰው አለመስጠቴንም አልተውኩም። ደንበኞቼ «እማማ ዘነበች፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ ቅዳሴው ያልቃል» ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ በቤታችን ሙዚቃ ተሰምቷል። እንዲሰማ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ሰፈሩ ስለዚህ ብዙ አውርቷል፤ ወሬው አንተ ዘንድ የሚደርስ ከሆነ ከሌላ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ዮናስ መጣ፣ ታዴ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው «የትኛው ዮናስ?» ይል ይሆናል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ እንኳ ያን ሁሉ ዓመት ስሙን ከአፍህ ሲሰሙ አብሮህ ያደገ የጠመንጃ ያዥ ልጅ ይመስላቸው ነበር። የሊቱዌኒያ ሰው ነው ብላቸው «እሱ ደግሞ የት ወረዳ ነው?» አሉኝ።

እኔ ግን ታሪኩን እንደ ወንድሜ ታሪክ አውቀዋለሁ። ከሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት በዮናስ ነው። እሱ ካሴት፣ በኋላም ሲዲ በላከልህ ቁጥር አንተ ጆሮህን ለሙዚቃው ስትሰጥ፣ እኔ ሽፋኑን ይዤ መስኮት ሥር እቀመጥ ነበር፤ መዝገበ ቃላቱ ጉልበቴ ላይ፣ ጣቴ መስመሩ ላይ። አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። እንዲህ እያልኩ ሕይወቱን ሰበሰብኩ። በሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጠግን ሰው ነበር። ቪልኒየስ ተምሮ ለሞስኮ የሙዚቃ ትምህርት ታጨ፤ እዚያም ከአዲስ አበባ ከተላከ አንድ ቀጭን ልጅ ጋር በአንድ ክፍል አሳደሩት። ከዚህ በኋላ ያለውን አንተ ሞላህልኝ። ኮትህን አውልቀህ ስላዋስከው፣ ድንችና ቀይ ሥር ቀቅሎ ስላበላህ፣ በምልክትና በተሰባበረ ሩሲያኛ ስለተግባባችሁ ነገርከኝ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አንተ ወደ አገርህ ገብተህ የቼሎ አስተማሪ ሆንክ፣ እሱ ወደ ዓለም ወጣ። ትልልቅ ውድድሮች አሸነፈ። ወደ ጀርመን ተሻግሮ በታወቀ ኦርኬስትራ ውስጥ የቼሎዎቹ አውራ ሆኖ ተቀመጠ። ያን ሰው ሁሉ የሚመኘውን ወንበር ደግሞ ለቀቀና ብቻውን መድረክ ላይ ወጣ። ያኔ «አበደ» አልክ። አላበደም። የአገሩ ልጆች የጻፉትን፣ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ሙዚቃ በየአገሩ ይዞ ዞረ፤ ስለ እነሱ ሲጽፍልህም «የትም ብሄድ መጀመሪያ የማስተዋውቀው የሰፈሬን ሰው ነው» ይል ነበር። ሰው ስሙን የሚያውቀው አጨብጭቦለት ነው፤ እኔ ግን የማከብረው ለዚህ ነው። በዝና ላይ ዝና ሲደርብ የራሱን ሰዎች ከኋላው አልተዋቸውም።

ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ደግሞ የቼሎ መምቻ ቀስቱን አስቀምጦ በትር አነሳ፤ የኦርኬስትራ መሪ ሆነ። በዚህ ነገር የተጣላነውን ታስታውሳለህ? ማርታ በኮምፒውተር አሳየችን። አንተ ደም ሥርህ ተገተረ። «ድምፅ የማያወጣ እንጨት ማወዛወዝ ምን የሚሉት ሥራ ነው? በሰው ላብ መኖር!» አልክ። እኔ አይደለም አልኩህ። የሰርግ ቤት እናት በእጇ አንድ ጭልፋ ሳታነሳ፣ የት ጋ ወጥ እንዳለቀ፣ ማን አኩርፎ ጥግ እንደያዘ በዓይኗ ብቻ ታውቃለች፤ እሷ ዞር ያለች ለታ ድግሱ ይበላሻል፤ ዮናስም የሚሠራው ይህንን ነው አልኩህ። ሳቅህ መጣ። ሰንበት ብለህ ግን፣ ፊትህን ስትላጭ፣ «ዘኔ፣ ያልሺው ልክ ነው መሰለኝ» አልከኝ። ያን ቀን ሙሉ ጧፍ ስሸጥ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ።

አሁን ሁለታችንም ወደምናውቀው ነገር ልምጣ።

እናቴ የሞተችበት ዓመት ነው። መንግሥት ተለውጦ ሰው ሁሉ ነገ ምን ይመጣ ይሆን የሚልበት ጊዜ። ዮናስ ቼሎ ብቻ የሚጫወት ቡድን ሊያቋቁም ሰው ይሰበስብ ነበር፤ «ክረምቱ ሲያልፍ መጥተህ ተፈተን፤ ጣትህን ከአሁኑ አዘጋጅ» ብሎ ጻፈልህ። ደብዳቤው በደረሰ በሳምንቱ እናቴ አረፈች። በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት ዓመት እስኪሞላው ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። አንተ ጠየቅኸኝ። «በር ዘግቼ፣ ቀስ ብዬ ብለማመድስ?» አልክ። «የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ባሏ ይዘፍናል ይሉኛል» አልኩህ። «ትምህርት ቤቱስ ውስጥ?» አልክ። «ተማሪዎችህ የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ያወራሉ» አልኩህ። ሦስተኛ አልጠየቅኸኝም። ቼሎውን ቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆምከው። ያን ዓመት ሙሉ ተማሪዎችህን በአፍህ ብቻ፣ እያዜምክ አስተማርካቸው። ለዮናስም ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም ብለህ ጻፍክለት።

ዓመቱ ሞልቶ ቼሎውን ስታወጣ መጀመሪያ ያየኸው የግራ እጅህን ጣቶች ነው። ክሩ ለዓመታት ያደነደነው የጣትህ ጫፍ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስልሶ ነበር። በአውራ ጣትህ እያሻሸህ ቆየህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁህ፣ አንተም እንዳየሁህ አየህ። ከዚያ ቀን እስከ ሞትህ አንድ ጊዜ አላነሳህብኝም። ብታነሳው ይቀለኝ ነበር፤ ተቆጥተህ፣ ሳህን ሰብረህ፣ አልቅሼ፣ ያልቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ዮናስ መጥቶ ተማሪዎችህን በመድረክ እንዲመራ ጽፈህለት እሺ ሲልህ፣ በዚያ ዕድሜህ ሳሎን ውስጥ ዘለልክ። ቀኑን ሳታየው ሄድክ። እሱ ግን ቀጠሮውን አላጠፈም። አዲስ አበባ የገባው በአርባህ ዋዜማ ነው።

በማግስቱ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሎ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ሰው በልቶ፣ ቄሶቹ ከተሸኙ በኋላ ማርታ ይዛው መጣች። ቁመቱ አላስገባ ብሎት ጎንበስ ብሎ ገባ። በየዓለሙ አዳራሽ ሰው ተነስቶ የሚያጨበጭብለት ሰው፣ የእድር አግዳሚ ወንበር ላይ በጋሽ ደምሴና በአንዲት አሮጊት መካከል ተጣብቆ ተቀመጠ። የሰጡትን በላ። ከዚያ ለማርታ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። እሷም ወደ ጆሮዬ መጥታ «እማ፣ በአባዬ ቼሎ ልጫወትለት እያለ ነው» አለችኝ።

እህትህን ታውቃቸዋለህ፤ እትዬ ሸዋዬ ጆሯቸው ከድንኳን ማዶ ይሰማል። «ምን? ዘፈን? በወንድሜ አርባ? ጉድ በል ልደታ! እሱስ እንግዳ ነው፣ አያውቅም፤ እናንተን ምን ነካችሁ?» አሉ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሸዋዬ፣ ረጋ በይ እንጂ። ይሄ እኮ የፈረንጅ በገና ማለት ነው። በገና በሁዳዴም ይደረደራል። በገና ነው ካልን ወጉም አይፈርስ፣ እንግዳውም አይቀየም» አሉ። ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ፤ ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አየህ፣ መውጫ ሰጥተውኛል። «አዎ፣ በገና ነው» ብል ነገሩ በሰላም ያልቃል፤ ማንም ምንም አይለኝም። ሰው ምን ይላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ተዘጋጅቶ እፊቴ ተቀምጧል። እኔም በዚያ ጥያቄ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ።

ተነሳሁ። ጋሽ ደምሴን እግዜር ይስጥልኝ ካልኩ በኋላ እንዲህ አልኩ፦ «በገና አይደለም። ቼሎ ነው፣ ሙዚቃ ነው። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ይሄ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በእናቴ ለቅሶ ዝም አሰኝቼዋለሁ፤ ምን እንዳስከፈለው እሱና እኔ እናውቃለን። በራሱ ለቅሶ ላይ ሁለተኛ ዝም አላሰኘውም።»

ታዴ፣ በእድር ስብሰባ እጇን አውጥታ የማታውቀው ሚስትህ ነች ይህን ያለችው። እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። ማርታ ቼሎህን ልታመጣ ወጣች።

ክሮቹ ረግበው ነበር። ዮናስ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ቁልፎቹን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቀ ብዙ ቆየ። ከኋላ፣ ከአራተኛ ፎቅ ጎረምሶች አንዱ «ጀለሴ፣ ጀምሯል ወይስ እየጠገነው ነው?» ሲል ሰማሁት። አንተ ብትሆን ሳቅህን መያዝ አትችልም ነበር።

ሰው ታላቅ ነገር ጠብቋል። እኔም በሲዲው የማውቀውን፣ ጣቱ እንደ ዝናብ የሚወርድበትን ነገር ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ሳበ። ቀስቱ ከአንድ ጫፉ እስከ ሌላው ጫፍ በዝግታ፣ ያላንዳች ጌጥ። ከዚያ ሌላ አንድ ድምፅ። ወዲያው ገባኝ። በሞስኮ ማደሪያ፣ የልምምድ ክፍል ወረፋ አልደርስ ሲላችሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አብራችሁ የምታደርጉት ይህንን ነበር። «ጸሎታችን እሱ ነበር» ያልከኝ። እዚህም ቤት ሁሌ ጠዋት ጠዋት በዚሁ ነበር የምትጀምረው። ዮናስ ሊያስደንቀን አልመጣም፤ ጠዋታችሁን ነው ይዞልህ የመጣው።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ድምፅ ላይ እትዬ ሸዋዬ ተነሱ። ሊወጡ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ድንኳኑ መሃል ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሙሾ አወረዱ፦

«ተናጋሪ እንጨት አቅፎ የኖረው፣
ዛሬ ዝም አለ፣ ማን አስቀየመው?»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ዮናስ አንድ ቃል አልገባውም። ቀስቱን ግን አላነሳም። አንገቱን ወደ እትዬ ሸዋዬ አዞረ፤ አፋቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ ትከሻቸውን ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ከድምፃቸው ሥር አገባው። እሳቸው በዜማው ከፍ ሲሉ ጠበቃቸው፤ ሲወርዱ ቀድሟቸው ወርዶ ተቀበላቸው። ትንፋሽ ሲያጥራቸው እሱ ድምፁን ይዞ ቆየላቸው። የእኛ ለቅሶ በማንም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ እሱ ግን አብሮን እንዳደገ አለቀሰው። ከካሴትና ከሲዲ ሽፋን ያነበብኩት ያ ሁሉ ሥራው፣ ሽልማቱ፣ አዳራሹ፣ በትሩ፣ ምን ለማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተማረው ሌላውን መስማት ነው።

«ማን አስቀየመው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ እኔ ነው የመጣው። እትዬ ሸዋዬ አውቀው ይሁን ሳያውቁ አልጠየቅኋቸውም። ነጠላዬ ውስጥ አልተደበቅሁም፤ ቀና ብዬ ሰማሁት። መልሱን ቅድም በሰው ሁሉ ፊት ተናግሬዋለሁና።

ሰው ሲበተን ማርታን ይዤ ወደ ዮናስ ሄድኩ። «ያን ዓመት ታደለ መጥቶ ቢሆን እንዳንተ ይሆን ነበር ወይ?» ብላ እንድትጠይቅልኝ ነገርኳት። አመነታች። «እንዳልኩት ተርጉሚው» አልኳት። ዮናስ ሊያባብለኝ ቢፈልግ ቀላል ነበር፤ አላባበለኝም። «አላውቅም» አለ። «ድምፁ ከእኔ ይሻል ነበር። ድፍረቱ ግን ያንስ ነበር። ወንበሩን ሌላ ሰው ያዘው፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ታደለ ግን አይደለም።» ይህን መልስ እንደ ንጹሕ ውሃ ጠጣሁት። ከዘመድ ሁሉ «ተይው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» ከሚለው የበለጠ አሳረፈኝ።

በሳምንቱ ተማሪዎችህን በመድረክ መራቸው። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ሄጄ ፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ ያየኝ ይየኝ ብዬ። ሲያበቃ ዮናስ ወደ እኔ መጥቶ በማርታ አስተርጓሚነት አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «እነዚህ ልጆች ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም እኩል ይተነፍሳሉ፤ በብዙ አገር ይህን ለማስተማር ተቸግሬአለሁ፤ ማን አስተማራቸው?» መልሱን የሰጠው ያንተ የድሮ ተማሪ፣ አሁን በአንተ ቦታ የሚያስተምረው ተስፋዬ ነው። «ጋሼ አንድ ዓመት ያለ መሣሪያ አስተምሮናል» አለ። «መሣሪያ ስለሌለው በትንፋሹ ነበር የሚያስጀምረን። ከዚያ በኋላ ቼሎው ተመልሶም አልተወውም። እኛም ለልጆቹ ያንኑ እናስተላልፋለን።»

ይህ ያደረግሁትን አያጥበውም፤ አንተም እንዲያጥበው አትፈልግ። የወሰድኩብህን ወስጄብሃለሁ። ነገር ግን እኔ ባዶ የመሰለኝን ዓመት አንተ ባዶ አላደረግኸውም። ዮናስ ስሙን በዓለም ጻፈ፤ አንተ በልጆች ትንፋሽ ውስጥ ገባህ። ማን በለጠ ብዬ አልመዝንም፤ ሁለታችሁንም ስሰማ እኮራለሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተስፋዬ ሁለት ተማሪዎች ይዞ ይመጣል፤ ቼሎህ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ይሰማል። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ በሹክሹክታ አሙኝ። ከዚያ መስኮት መክፈት ጀመሩ። እትዬ ሸዋዬ «ልጠይቅሽ ብዬ ነው» እያሉ የሚመጡት ሁሌ ቅዳሜ ነው፤ ልጆቹ ከዘገዩ ደግሞ «ዛሬ ቀሩ እንዴ?» ብለው በር በሩን ያያሉ።

ጥቁሬን ዓመት እስኪሞላህ አላወልቅም። ወጉን አልጠላሁትም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። «ዝም በሉ» የሚለውን ክፍሉን ብቻ ነው የመለስኩት። ስለዚህ አልረሳህም ስልህ፣ ፎቶህን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ ቤቱን ጭር አደርገዋለሁ ማለቴ አይደለም። እጄ ጧፍ እስከሸጠ፣ ዓይኔ ፊደል እስከለየ ድረስ በዚህ ቤት ድምፅህ አይጠፋም፤ ይህን ቃል የምገባልህ ማድረግ እንደምችል ስለማውቅ ነው። የእኔም ቀን ሲደርስ ማንም ቀስቱን እንዳያስቀምጥ ለማርታ ነግሬያታለሁ።

አንተም እዚያ በር ላይ ስትጠብቀኝ፣ እንደዚያ ዓመት ዝም ብለህ አትቀበለኝ።

ዘኔ፣ ከልደታ